በራስ ገጠመኝ እንዴት ይሳቃል? ከአመል ጋር ታርቆ የመኖር መመሪያ

ስልክ እያወራን ስልካችንን እንፈልጋለን። «ሳብ» የሚል በር እንገፋለን። ሰው ሰላም ያለን መስሎን እጃችንን እናውለበልባለን፤ ሰላምታው ግን ከኋላችን ላለው ሰው ሆኖ ይገኛል። ያኔ የተነሣው እጅ መግቢያ ያጣል። ፀጉር ያስተካክላል፣ ጆሮ ያክካል፣ የሌለ ሰዓት ያሳያል።

ይሄ በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ፈገግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሌላው ትዝ ባለው ቁጥር «ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ» እያለ ይሰነብታል። ብዙ ሰው ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ሲፈጠር ጀምሮ ፈታ ያለ ስለሆነ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። በራስ ላይ መሳቅ በአብዛኛው የሚለመድ ነገር ነው። አንድ ዋና ሕግ ብቻ አለው፦ ሳቁ በሆነው ነገር ላይ ይሁን እንጂ በማንነታችሁ ላይ አይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ሕግ በተግባር ለማዋል ነው።

ደረጃ 1፦ አመላችሁን ወረቀት ላይ አውጡት

አመል ስል ትንንሾቹን ማለቴ ነው። በር መቆለፉን ሁለቴ ማየት። ብቻን ማውራት። ደረጃ ሲወጡ መቁጠር። መጽሐፍን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር። የንጣፍ መስመር ላለመርገጥ እርምጃን አንዴ ማሳጠር አንዴ ማስረዘም። የማንቂያ ደወልን 12፡30 ላይ ሳይሆን 12፡27 ላይ መሙላት፤ ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም።

የራሳችሁን ጻፉ። ካልመጣላችሁ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ጥያቄውን ሳትጨርሱ ይዘረዝርላችኋል።

ከዚያ በእያንዳንዱ አመል ላይ አንድ ጥያቄ አንሡ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ማንም ካልሆነ ተዉት፤ እንዲያውም ውደዱት። ሌላ ሰው ከሆነ ግን «አመሌ ነው» ብላችሁ አትሸፋፍኑት። ሁልጊዜ ሰው ማስጠበቅ፣ ወሬ ማቋረጥ፣ የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መውሰድ «እኔ እንዲህ ነኝ» ተብሎ አይታለፍም። እናንተ የምትስቁበትን ነገር ሌላው ጥርሱን ነክሶ የሚችለው ከሆነ መታረም ያለበት ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ መጠኑን እዩ። በር መቆለፉን ሁለቴ ማየት አመል ነው። በሩን ለማየት ደጋግሞ እየተመለሱ ከሥራ እስከ መቅረት መድረስ ግን የሳቅ ጉዳይ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል፤ ሕክምናም አለው።

ደረጃ 2፦ ቀድማችሁ ተናገሩት

የማይጎዳውን አመል መደበቅ አድካሚ ነው። ማን አየኝ፣ ማን ሰማኝ እያሉ መጠበቅ ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ይቅርታ፣ ያለ ረጅም ታሪክ መናገር ነው። ለምሳሌ አዲስ የሥራ ባልደረባ አጠገባችሁ ሲቀመጥ፦ «እኔ ሳስብ አወራለሁ፤ ላንተ መስሎህ እንዳትመልስልኝ።» አለቀ። ከዚያ በኋላ ስታጉተመትሙ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

«ይቅርታ፣ ታውቃለህ፣ ትንሽ እብድ ቢጤ ነኝ» አትበሉ። እንደዚያ ስትሉ ሰውዬው ሊያጽናናችሁ ይገደዳል። ያውም በመጀመሪያው ቀን።

ደረጃ 3፦ ስንት ሰው እንዳየ እንደገና ገምቱ

ነገር ሲበላሽብን መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ሁሉም አየኝ» የሚል ነው። ይህ ግምት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የተጋነነ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ይህን በቲሸርት ፈትነውታል። ተማሪዎችን የዘፋኙ የባሪ ማኒሎው ፎቶ ያለበት ቲሸርት አለበሷቸው። ለዚያ ዘመን ወጣት ሼም የሚያሲዝ ልብስ ነበር። ከዚያ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸውና ወዲያው አስወጥተው፣ በክፍሉ ካሉት ስንቱ ቲሸርቱ ላይ ያለውን ሰው የሚለይ ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ብለው ገመቱ። በትክክል የለየው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

ያ ሩብም ቢሆን አየ እንጂ ሲያስበው አላደረም። ይህን ለማረጋገጥ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ባለፈው ወር ሌላ ሰው ሲደናቀፍ፣ ስም ሲሳሳት፣ ወይም ብርጭቆ ሲደፋ ያያችሁበትን ቀን አስታውሱ። ማን ነበር? ምን ለብሶ ነበር? ብዙዎቻችሁ አንድም አይመጣላችሁም። እናንተም በሌላው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያላችሁ ቦታ ይኸው ነው።

ማመን ካቃታችሁ ሆን ብላችሁ ሞክሩት። አንድ ቀን የግራና የቀኝ ካልሲያችሁን የተለያየ ቀለም አድርጋችሁ ዋሉ። ስንት ሰው እንደሚናገራችሁ ጠዋት ገምታችሁ ጻፉ፤ ማታ ትክክለኛውን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡ። ይህ ትንሽ ሙከራ ከብዙ ምክር ይበልጣል። አንድ ሰው ካስተዋለ ደግሞ የምትናገሩት ነገር ተገኘላችሁ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላም ነገር አሳይተዋል። ሰው ውስጡ ያለው ስሜት ከውጭ የሚታይበትን መጠን አጋንኖ ይገምታል። ልባችሁ ሲደልቅ የሚሰማው ለእናንተ ነው። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው አይሰማውም።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሳቁ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። ስብሰባ ላይ ቡናችሁ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ እንበል። ቡናው በወረቀቶቹ መሀል እየሄደ ወደ ሰውዬው ላፕቶፕ ይጠጋል። በዚህ ሰዓት ቀልድ የሚናገር ሰው ግድ የለሽ ይመስላል። ላፕቶፑን አንሡ። የተቃጠለ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «ይቅርታ» በሉ፤ አንዴ ብቻ። ጥረጉ። አሁን መሳቅ ይቻላል።

እየጠረጋችሁ ፊታችሁ ቢቀላ ወይም ላብ ቢያሰጥማችሁ አትደብቁት። ጉን ሴሚንና አንቶኒ ማንስቴድ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ የተደረደረ የሽንት ቤት ወረቀት ክምር የሚያፈርስ ሰው በቪዲዮ አሳዩ። ተመልካቾች ይበልጥ የወደዱት ሲያፍር የታየውን ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ የሆነው ያን ያህል አልተወደደም። እፍረት «የሆነው ነገር ገብቶኛል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ሰውም ያንን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በራስ መሳቅ ማለት እፍረትን ማጥፋት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሲሄዱም ያምርባቸዋል።

«ስህተት ያስወድዳል» ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ የሚመጣው ኤሊዮት አሮንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ካደረጉት ሙከራ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። በዚያ ሙከራ ሰዎች የጥያቄና መልስ ተወዳዳሪ ድምፅ በቴፕ ይሰማሉ። ተወዳዳሪው መጨረሻ ላይ ቡና ራሱ ላይ ይደፋል። ጥያቄዎቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ የመለሰው ተወዳዳሪ ቡና በመድፋቱ የበለጠ ተወደደ። መካከለኛው ተወዳዳሪ ግን ቡና ሲደፋ የነበረችውም መወደድ ቀነሰችበት። ትምህርቱ ትንሽ ይመራል፤ ግን ይጠቅማል። ሥራችሁን በወጉ ስትሠሩ መንሸራተታችሁ ይጣፍጣል። ሥራውን ሳይሠሩ በቀልድ ማለፍ ግን ቶሎ ይነቃበታል።

ደረጃ 5፦ አንድ አጭር ነገር ጣል አድርጉ

ኮሜዲያን መሆን አይጠበቅባችሁም። የሆነውን ነገር በትንሹ አጣሞ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሜዳ ላይ ተደናቀፋችሁ? መሬቱን ዞር ብላችሁ እያያችሁ፦ «ይሄን መሬት እዚህ ማነው ያስቀመጠው?» በሩን በተቃራኒው ስትገፉ ታያችሁ? «በሩ አሸነፈ።» ሹራባችሁን ገልብጣችሁ ለብሳችሁ መጣችሁ? «ዛሬ ውስጤን ልግለጥላችሁ ብዬ ነው።» መነጽራችሁን ስትፈልጉ ቆይታችሁ ግንባራችሁ ላይ ተገኘ? «ለሐሳቤ ነው ያደረግኩለት።»

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የሚያመሳስላቸውን አስተውሉ። ስለ መሬቱ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሹራቡ፣ ስለ መነጽሩ ነው የሚያወሩት። «እኔ እኮ ደደብ ነኝ»፣ «ከእኔ ምን ይጠበቃል»፣ «እኔ የነካሁት ነገር መቼ ይሳካል» የሚሉት ግን ከሆነው ነገር አልፈው ወደ ሰውዬው ይዞራሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መጠይቅ የሰውን ቀልድ በአራት ከፍለውታል። ከሰው ጋር የሚያቀራርብ፣ በከባድ ሰዓት ራስን የሚያበረታ፣ ሌላውን የሚያጠቃ፣ ራስን የሚያዋርድ። ሁለተኛውና አራተኛው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ሰውዬው በራሱ ነገር ይስቃል። አንዱ ግን ያቀላል፣ ሌላው ያከብዳል።

የትኛው ላይ እንዳላችሁ እንዴት ታውቃላችሁ? የሰሚውን ፊት እዩ። ቀልዳችሁን ሰምቶ ከሳቀ ደኅና ናችሁ። «ኧረ እንደዚህ አትበል! አንተ እኮ ጎበዝ ነህ!» ካለ መስመሩን አልፋችኋል ማለት ነው። እሱ ቀልድ አልሰማም፤ የሰማው ቁስል ነው። ይህ ምልክት ደጋግሞ ከመጣ በሚቀጥለው ጊዜ «እኔ» የሚለውን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታችሁ ሞክሩት።

አንድ ተናግራችሁ ከሳቁ ደግሞ እዚያው አቁሙ። ሁለተኛው ቀልድ የመጀመሪያውን ይበላዋል።

ደረጃ 6፦ ገጠመኙን ወሬ አድርጉት

«ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ ሳቁ» የሚል ምክር አይመቸኝም። ሳቅ ከሰው ጋር ነው የሚመጣው። ሳቅን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ሰው መሀል ሲሆን 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅ አግኝቷል። ስለዚህ ብቻችሁን ሆናችሁ ሳቅ አልመጣ ቢላችሁ አይግረማችሁ። ለሚወዳችሁ አንድ ሰው ንገሩት፤ ያኔ ይመጣል።

መቼ ነው የሚነገረው? ጉዳቱ ሲያልፍ። ፒተር መግሮውና ኬሌብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ እንደሚለው፣ ነገር የሚያስቀን ያልተገባና ጉዳት የሌለው ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲታየን ነው። ገና የሚያም ከሆነ ግማሹ ጎድሏል። ለአንዳንዱ ገጠመኝ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አንዳንዱ ዓመት ይፈልጋል። አታስገድዱት።

አነጋገሩ ላይ ትንሽ ሙያ አለ። ሁለት አቀራረብ ላሳያችሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው የሥራ ግሩፓችን ላይ የማይሆን ነገር ጽፌ በጣም አፈርኩ።» ሰሚው ከንፈሩን ይመጥና ወሬ ይቀይራል። ሌላው እንዲህ ይላል፦ «ስለ አለቃችን ሹራብ ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ለግሩፑ ላክሁት። ላጠፋው ስል እጄ ተንቀጥቅጦ ፒን አደረግኩት። መጀመሪያ ላይክ ያደረገው አለቃችን ነው።»

ልዩነቱ የት ነው? ሁለተኛው ጠዋት ከተነሣበት አልጀመረም፤ ነገሩ አፋፍ ላይ ነው የገባው። «አፈርኩ» አላለም፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ አሳየ። ነገሩ በጣም በከፋበት ቦታ ላይ ደግሞ አፉን ዘጋ። «ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሱም ምንም አይደል አለኝ» ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ሳቁ ይቀዘቅዝ ነበር። እናንተም ገጠመኛችሁን በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሞክሩ። ከሁሉ የከፋውን ነገር መጨረሻ ላይ አድርጉት። ትንሽ ቅመም ጨምሩ ቢባልም ብዙ አታጋንኑ፤ እውነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ደግሞ የሚሳቅበት ሰው እናንተ ሁኑ። በገጠመኙ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው የሚዋረድ ከሆነ ወሬው ሐሜት ሆነ።

ደረጃ 7፦ ማታ አልጋ ላይ ሲመጣባችሁ

ቀን የተረሳው ነገር መብራት ሲጠፋ ይመጣል። የሚያብሰለስላችሁ ከሆነ ራሳችሁን በስማችሁ ጠርታችሁ፣ እንደ ሌላ ሰው አውሩት። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች «እኔ» ከማለት ይልቅ ራሳቸውን በስም እየጠሩ ሲያስቡ በሚያስጨንቅ ነገር መረበሻቸው ቀንሷል። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «እገሌ ዛሬ ‹ሳብ› የሚል በር ገፋ። ከዚያስ? ከዚያማ ሳበና ገባ።» ብዙው ነገር እንዲህ ሲወራ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ሌላው ሰው ሲስቅ፣ ሌላው ሰው ላይ ሲደርስ

ጓደኛ ሙድ ቢይዝባችሁ ፎገራ ነው ወይስ ማዋረድ? መለያው ቀላል ነው። «ይሄኛው አይመቸኝም» ስትሉት ያቆማል ወይስ ይብስበታል? ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ንገሩት። ካቆመ ጓደኛ ነው። «ቀልድ አታውቅም እንዴ?» ካለ ችግሩ የእናንተ ቀልድ አለማወቅ አይደለም። በራስ መሳቅ መልመድ ማለት የማንም መሳቂያ ለመሆን ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ሌላ ሰው ሲወድቅ ደግሞ መጀመሪያ እጃችሁን ዘርጉ። እሱ ከሳቀ አብራችሁ ሳቁ፤ ካልሳቀ ዝም በሉ። ስልክ አውጥቶ መቅረጽማ አይታሰብም። ልጆች ላይም ይኸው ሕግ ይሠራል። ልጁ የተናገረው የተሳሳተ ቃል ለእናንተ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ፊት ስትደግሙት ግን እሱ መሬት መሬቱን እያየ ከሆነ ተዉት። መሳቂያ መሆንን በጣም የሚፈሩ ሰዎችም አሉ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሳቅ በሰሙ ቁጥር በእነሱ የተሳቀ ይመስላቸዋል። ዊሊባልድ ሩክና ባልደረቦቹ ይህን ፍርሃት በብዙ አገሮች አጥንተውታል። እንዲህ ያለ ሰው ስታውቁ የሚያስቃችሁን ነገር ነግራችሁ አሳትፉት።

ደጋግመው ለሚመጡ ገጠመኞች አፋጣኝ መልስ

የሰው ስም ጠፋባችሁ፦ «አንተ… እንዴት ነህ?» እያላችሁ አትንገላቱ። «ፊትህን አልረሳሁም፣ ስምህ ግን ጥሎኝ ሄደ» በሉ። ሲነግራችሁ ወዲያው አንዴ በስሙ ጥሩት። ለሁለተኛ ጊዜ ከጠፋባችሁ አብሯችሁ ያለውን ሰው «ተዋወቁ» በሉትና ዝም በሉ፤ ስሙን ራሱ ይናገራል።

አለቃችሁን ወይም አስተማሪያችሁን ሳታስቡት «እማዬ» አላችሁ፦ ለማስተካከል አትንደፋደፉ። «ይኸው፣ ቤተሰብ ሆንን» ብላችሁ ወደ ጉዳያችሁ ግቡ።

ለእናንተ ላልሆነ ሰላምታ እጃችሁን አወዛወዛችሁ፦ አወዛውዛችሁ ጨርሱ። በግማሽ የቆመ እጅ ነው የሚያስቀው። ያኛው ሰው ግራ ቢገባውም መልሶ ሰላም ይላችኋል።

በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ማይካችሁ ክፍት ሆኖ ስትዘፍኑ ተሰማ፦ መጀመሪያ ማይኩን ዝጉ። ተራችሁ ሲደርስ ከፍታችሁ «የመክፈቻ ፕሮግራሙን ስለተከታተላችሁ አመሰግናለሁ» በሉና ወደ ሪፖርታችሁ ሂዱ። ሰው «ድገመው» ቢል መድገም አይመከርም። ድምፃችሁ ጥሩ ከሆነ ግን እናንተ ታውቃላችሁ።